የኬክ ክሬም ለምን ይፈሳል?
(ስለ ክሬም ቺዝ አሠራር አጭር መግለጫ)

አንድ ጓደኛችን ሲመረቅ ወይም የልደት ቀኑ ሲደርስ ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ኬክ መግዛታቸው የተለመደ ነው። ኬኩን በየቤታቸው ጋግረው የሚያመጡ እኅቶችና ወንድሞችም አልጠፉም። ቂጣው ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ችግሩ የሚመጣው ከላይ በሚቀባው ክሬም ነው። በተለይም ክሬም ቺዝ ከሚባለው ለስላሳ አይብ የተሠራው ክሬም፥ ጧት እንደ ባዘቶ ተነፍቶ የነበረው፥ ከሰዓት በኋላ ከኬኩ ጎን ተንሸራቶ ሳሕኑ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እጇ አይቀናም፤ ሙያ የላትም» ይባላል። የሠራው ወንድ እንደ ሆነ ደግሞ «ድሮስ ወንድ ልጅን ማድ ቤት ምን አገባው!» ይባልና ነገሩ በሣቅ ያልቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ ትክክል አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ክሬሙ የሚፈሰው በታወቀ ምክንያት ነው፤ የሚነፋውም በታወቀ ምክንያት ነው። ምክንያቱን የተረዳ ሁሉ፥ ሴትም ትሁን ወንድ፥ ደኅና አድርጎ ሊሠራው ይችላል። ነገሩን ቀላል አድርጎ ማየትም አይገባም። ከውጭ የሚመጣው ክሬም ቺዝ ዋጋው ለተማሪ ኪስ የሚቀል አይደለምና፥ አንድ ጊዜ የተበላሸ ክሬም የብዙ ሰዎች መዋጮ ነው።

ሀ/ ክሬም ቺዝ ምን ዐይነት አይብ ነው?

ክሬም ቺዝ ከወተትና ከወተት ስልባቦት፥ ማለት ከክሬም፥ የሚሠራ ያልበሰለና ያልቆየ ለስላሳ አይብ ነው። በፋብሪካ በብዛት መሥራት የጀመረው፥ እንደሚነገረው፥ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ቼስተር በምትባል ከተማ የነበረ ዊልያም ሎረንስ የሚባል ሰው ሲሆን፥ ጊዜውም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. ነበር። በ1880 ዓ.ም. «ፊላዴልፊያ» የሚል የንግድ ስም ወጣለት። አይቡ በፊላዴልፊያ ከተማ የተሠራ ሆኖ አይደለም፤ የዚያ አካባቢ የወተት ውጤት በጊዜው መልካም ስም ስለ ነበረው ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ክሬም ቺዝ ተብሎ የሚሸጥ አይብ ከመቶ 33 እጅ ያላነሰ የወተት ስብ ሊኖረው፥ ውኃውም ከመቶ 55 እጅ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ ልብ ይበል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በእነርሱ ላይ ነው። ብዙ ሰው «አይብ አይብ ነው» ብሎ የአገራችንን አይብ ፈጭቶ በስኳር በመምታት ክሬም ለመሥራት ይሞክራል፤ ግን አይሆንለትም። የአገራችን አይብ የሚሠራው ወተቱ ረግቶ፥ ተንጦ፥ ቅቤው ከወጣለት በኋላ፥ የቀረው አሬራ በዝግታ ሲሞቅ ነው። እንግዲህ ስቡ አስቀድሞ በቅቤው ሄዷል። አይቡ ከመቶ 79 እጅ ያህሉ ውኃ፥ 15 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፥ ስቡ ከመቶ 2 እጅ አካባቢ ብቻ ነው። ደግሞም አሬራው በእሳት ሲሞቅ ፕሮቲኑ እየተኰማተረ ፍርፍር ይሆናል፤ የቱንም ያህል ቢፈጭ ምላስ ላይ እንደ ፍትፍት ይሰማል እንጂ አይለሰልስም። ይህ ለአይባችን ነውር አይደለም፤ ለክትፎና ለጎመን የተሠራ ነገር ለኬክ አልተሠራም ማለት ብቻ ነው።

ለ/ የሚፈስበት ምክንያት

አንደኛው ምክንያት ውኃው ነው። በክሬም ቺዝ ውስጥ ያለው ውኃ ልቅ ሆኖ አይቀመጥም፤ የወተቱ ፕሮቲን እንደ ወንፊት ተሳስሮ በቀዳዳዎቹ ይዞታል። አይቡ ለረጅም ጊዜ በኀይል ሲመታ ይህ መረብ ይበጣጠስና ውኃው ይለቀቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ስኳሩ ነው። ስኳር ውኃን ይስባል፤ በተራ የቤት ሙቀት 1 ግራም ውኃ 2 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል። 225 ግራም ክሬም ቺዝ ብንወስድ በውስጡ እስከ 124 ግራም ውኃ አለ። ይህ ውኃ ከመረቡ ቢለቀቅ ወደ 248 ግራም ስኳር አሟሙቶ ሽሮፕ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ክሬሙ ሲቀጥን ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር፥ ማለት «ይጠንክር» ብሎ ስኳር መጨመር፥ ጉዳቱን የሚያብስ ነው። ስኳሩ ለጊዜው ደረቅ ስለ ሆነ የጠነከረ ይመስላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ይሟሟና ክሬሙ ከበፊቱ የባሰ ይቀጥናል፤ ጣፋጭነቱም አፍ የሚያጣብቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የወተት ስብ በቀዝቃዛ ቦታ ጠጣር ነው፤ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ እየላላ ይሄዳል፤ 35 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጨርሶ ዘይት ይሆናል። ክሬሙን ያቆመው ይህ ጠጣር ስብ ስለ ሆነ፥ ከምድጃ የወጣ ኬክ ገና ሳይበርድ የተቀባ ክሬም ቢወርድ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሐ/ የሚነፋበት ምክንያት

ክሬም ሲመታ የሚነፋው አየር ስለሚገባበት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን አየሩ ተመልሶ የማይወጣው ለምንድን ነው? በወተት ክሬም ውስጥ ስቡ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ተከፋፍሎ ይገኛል። እያንዳንዱ እንክብል ቀጭን ልባስ አለው። ክሬሙ ሲመታ ልባሱ ይላጥና እንክብሎቹ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ በአየሩ አረፋ ዙሪያ እንደ ግንብ ይሰለፋሉ። ግንቡ የቆመው በስብ ነውና ክሬሙ መቀዝቀዝ አለበት፤ የስቡም መጠን ከመቶ 30 እጅ በታች ከሆነ ድንጋዩ ላያንስ አይችልም።

ይህ ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን ቅሉን ይዘው ወተት ሲንጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ አለማቆማቸው ነው። መምታቱ ሲቀጥል እንክብሎቹ ጨርሰው ይጋጠማሉ፤ አየሩ ይወጣል፤ ቅቤው በአንድ ወገን፥ አሬራው በሌላ ወገን ይለያል። ስለዚህ የተነፋ ክሬም ማለት በመካከል ላይ የቆመ መናጥ ማለት ነው። ወተቱ እንደ በረደ ወይም እንደ ሞቀ ቅቤው የሚወጣበት ጊዜ እንደሚለያይ የናጠ ሁሉ ያውቃል፤ ክሬም የሚመታም ሰው ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

መ/ አሠራሩ

20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው አንድ ኬክ የሚከተለው ይበቃል፤

1/ ክሬም ቺዝ 225 ግራም
2/ ስቡ ከመቶ 35 እጅ ያላነሰ የወተት ክሬም 240 ሚሊ ሊትር
3/ የላመ ስኳር 100 ግራም
4/ ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ፥ ጨው ቆንጠር አድርጎ

ክሬም ቺዝ ሲገዛ በጥቅል እንደ ጡብ የተሠራው ይመረጣል። በዳቦ ላይ እንዲቀባ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውኃው የበዛ ነው። የላመ ስኳርም ሲባል በፋብሪካ የተዘጋጀው ከመቶ 3 እጅ ያህል የበቆሎ ስታርች ያለበት ሲሆን፥ ስታርቹ ጥቂት ውኃ ይጠጣል። ስኳሩን በቤቱ የሚፈጭ ሰው 1 የሻይ ማንኪያ ስታርች ቢቀላቅልበት መልካም ነው።

በመጀመሪያ ጎድጓዳ ሳሕኑንና መምቻውን ለ15 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ። ቀጥሎ የወተቱን ክሬም ከማቀዝቀዣ እንዳወጡ ለብቻው መምታት። መምቻው ሲነሣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሲሆን ወዲያው ማቆም ነው፤ ፍርፍር ማለት ከጀመረ ወደ ቅቤ እየሄደ ነው። በሁለተኛ ሳሕን ክሬም ቺዙን ያለ ስኳር፥ ጓጓላው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ፥ 1 ደቂቃ ያህል መምታት። እዚህ ላይ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ጓጓላ ቀርቶ ስኳር ከገባ በኋላ ማጥፋት የሚቻለው ብዙ በመምታት ነው፤ ብዙ መምታት ደግሞ ውኃውን ይለቅቃል። ከዚያ ስኳሩን በወንፊት ነፍቶ በሁለት ጊዜ፥ ቫኒላውንና ጨውንም አብሮ መጨመርና፥ በዝግታ አዋሕዶ ማቆም። በመጨረሻ የተነፋውን ክሬም ሦስት ቦታ ከፍሎ እየጨመሩ በሰፊ ማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጡ ማዋሐድ ነው፤ በዚህ ጊዜ መምቻ አይነካም፤ አየሩ እንዳይጠፋ ነው። 1 ሰዓት ከቀዘቀዘ በኋላ ፈጽሞ በበረደ ኬክ ላይ ይቀባል።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ላለ፥ ወይም የወተት ክሬም ላላገኘ ሰው፥ ሌላ መንገድ አለ። 115 ግራም የገበታ ቅቤ ለስለስ ሲል ከ200 ግራም የላመ ስኳር ጋር እስኪነጣ ድረስ 4 ደቂቃ ያህል ይመታል፤ ከዚያ 225 ግራም ቀዝቃዛ ክሬም ቺዝ በትንሽ በትንሹ ይገባበትና እንደ ተዋሐደ ይቆማል። ቅቤው ስኳሩን አስቀድሞ ስለሚሸፍነው ስኳሩ ውኃውን ቶሎ አያገኘውም። ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ነገር ግን ቅርጹን ይበልጥ ይይዛል። የተነጠረ ቅቤ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ኮረሪማና ኮሰረት የሸተተ ኬክ ማን ይፈልጋል?

የሎሚ ጣዕም የሚፈልግ ጭማቂውን ትቶ የልጣጩን ቢጫ ክፍል ፈቅፍቆ ይጨምር፤ ጭማቂ ማለት ተጨማሪ ውኃ ነው። ክሬሙ ቀጥኖ ከተገኘም ስኳር ሳይጨምሩ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝ፤ ካልሆነ ሌላ ጥቂት የተነፋ ክሬም መቀላቀል ነው።

ሠ/ ክሬም ቺዝ ያላገኘ ሰው

ግማሽ ሊትር ወተትና ግማሽ ሊትር የወተት ክሬም ቀላቅሎ ማፍላት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም በወተት የሚመጡትን በሽታዎች ለማጥፋት ይህ ሙቀት ከበቂ በላይ ነው። ድብልቁ ጣት ሲነካው ለብ ሲል፥ ማለት 40 ዲግሪ ያህል ሲሆን፥ ከተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ 2 የሾርባ ማንኪያ መጨመር፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ማስቀመጥ። ከረጋ በኋላ በንጹሕ ሻሽ ቋጥሮ፥ ማቀዝቀዣ ውስጥ በማጥለያ ላይ አንድ ሌሊት ወይም አንድ ሙሉ ቀን ማሳደር። በእጅ መጭመቅ አይገባም፤ ስቡ አብሮ ይወጣል። የድብልቁ ስብ በመጀመሪያ ከመቶ 19 እጅ ያህል ነው፤ ግማሽ ክብደቱ በአጓት መልክ ሲወርድ ግን ስቡ ከመቶ 33 እጅ በላይ ይደርሳል፤ ይኸውም ከላይ የጠቀስነው ቁጥር ነው። ቆንጠር ጨው ሲጨመርበት ኮምጠጥ ያለ መልካም አይብ ይሆናል። ያልተፈላ ጥሬ ወተት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው።

ረ/ ጥቂት ማሳሰቢያ

ይህ ክሬም የወተት ምግብ ስለ ሆነ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ጧት ተቀብቶ በአዳራሽ ጠረጴዛ ላይ እስከ ማታ የሚጠብቅ ኬክ ባይፈስ እንኳ ሆድ ሊያውክ ይችላል። በማቀዝቀዣ ግን 3 ቀን ያህል ይቆያል። ደግሞም የግብዣውን ቀን አስቀድሞ ማየት ብልህነት ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፥ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ፥ የክፍሉ እኩሌታ ኬኩን ተመልክቶ ብቻ ይመለሳልና።

በቋንቋችን «ሙያ» የሚለው ቃል በማድ ቤት ሲነገር የሴት ልጅ ጸጋ እንደ ሆነ ይቆጠራል፤ በሌላ ቦታ ሲነገር ግን ተምረው የሚያገኙት ዕውቀት ማለት ነው። ትክክለኛው ትርጉም ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። እናቶቻችን ባለሙያ የሆኑት ብዙ ዓመት አይተው፥ ሞክረው፥ ምክንያቱን በልባቸው ይዘው እንጂ እንዲሁ ስለ ተፈጠሩ አይደለም። እኛም በቤተ ሙከራ ስለ ስብና ስለ ፕሮቲን የምንጽፈውን ወደ ማድ ቤት ይዘን ብንገባ፥ በሚቀጥለው ምርቃት ክሬሙ የሚቆም ይመስለኛል፤ ሳሕን የሚያጥበውም ሴት ብቻ አይሆንም።