ከሥልጣን መውረድ ሌላ፣ መታሰር ሌላ

የአሜሪካዋ የኢሊኖይ ግዛት አገረ ገዥ ሮድ ብላጎየቪች ከሥልጣን የተባረሩት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሳይላቸው ነው። እንዴት? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2008 ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ በአሜሪካ ሴኔት ኢሊኖይን የወከሉበት መቀመጫቸው ክፍት ሆነ። በግዛቲቱ ሕግ ተተኪውን የሚሾሙት አገረ ገዥው ብቻ ነበሩ። የኤፍቢአይ መርማሪዎች ስልካቸውን ጠልፈው ሲያዳምጡ ብላጎየቪች መቀመጫውን በሹመት ወይም በምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ለመለወጥ ሲያውጠነጥኑ ሰሙ። ዲሴምበር 9 ማለዳ ቺካጎ ከሚገኘው ቤታቸው ተያዙ። ከአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊ 50,000 ዶላር መዋጮ ለማግኘት ሲሉ ለሕፃናት ሐኪሞች የታሰበውን የክፍያ ጭማሪ ይዘዋል የሚል ክስም ቀረበባቸው። የሕዝብ ሥልጣን መነገጃ ሲሆን ዕዳው እስከ ታመመ ልጅ አልጋ ድረስ ይደርሳል።

አገረ ገዥን የማውረዱ ሥራ ለሁለት ምክር ቤቶች የተከፈለ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ይከሳል፤ የግዛቲቱ ሴኔት ይዳኛል። ጃንዋሪ 9, 2009 ተወካዮቹ 114 ለ1 በሆነ ድምፅ ከሰሷቸው። ብላጎየቪች በሴኔቱ ችሎት አልተገኙም ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ግን ቀርበው ምንም ወንጀል እንዳልሠሩ ተከራከሩ። ለማውረድ ከ59ኙ ሴናተሮች የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ይበቃ ነበር፤ 59ኙም አንድ ሳይጎድል ይውረዱ አሉ። የራሳቸው ፓርቲ ዴሞክራቶችም ከዚሁ ውስጥ ናቸው። ዳግመኛ በግዛቲቱ ሥልጣን እንዳይዙም አገዷቸው። ምክትላቸው ፓት ክዊን ወዲያው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የወንጀሉ ፍርድ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ2011 በ17 ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ፤ 14 ዓመትም ተፈረደባቸው። በ2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቅጣቱን አሳጥረው አስፈቷቸው፤ በ2025 ሙሉ ይቅርታ ሰጧቸው።

የፕሬዚዳንት ይቅርታ የሚሠራው ግን በፌዴራል ወንጀል ላይ ነው፤ የግዛቲቱ ሴኔት የጣለውን እገዳ አያነሳም። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ተከሳሹ ነፃነቱን ሊያጣ ይገባል ወይ ብሎ ነው፤ ስለዚህም ከጥርጣሬ ያለፈ ማስረጃ ይሻል። ምክር ቤት የሚጠይቀው ይህ ሰው የሕዝብ አደራ ሊጣልበት ይችላል ወይ ብሎ ነው። ወንበር የሹሙ ርስት ስላልሆነ፣ ሕዝብ አደራውን ለመንጠቅ የወንጀል ችሎት እስኪያልቅ ዓመታት መጠበቅ የለበትም።