ቀልብ የሚሰበሰብባቸው ሰዓታት

ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ሲነጋ እንደደከማቸው የሚነሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንድ መምህር እናስብ። ክፍል ሲገባ የሚያስተምረው አይጠፋውም፤ የጠፋበት ለልጆቹ የነበረው ልብ ነው። ድሮ ተማሪ ሲሳሳት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያስረዳ የነበረው ሰው አሁን «ምን አገባኝ» ብሎ ያልፋል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ለምን እንዲህ ሆንኩ እያለ ራሱን ሲወቅስ ያመሻል። የጤና ጣቢያዋ ነርስም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛም፣ ከጓዳ ገበያ ከገበያ ጓዳ የምትመላለሰው እናትም ይህን ያውቁታል። «ዛልኩ» ይላሉ፣ «ሁሉም ነገር ሰለቸኝ» ይላሉ፣ «ቀልቤ አልሰበሰብ አለኝ» ይላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ በበሽታዎች መዝገቡ አብራርቶታል፤ በሽታ ግን አላለውም። መነሻው መላ ያልተበጀለት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የሥራ ጫና ነው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጉልበት ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መጥላት፣ የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ የለውም ብሎ ማሰብ። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ገበሬ ይደክማል፤ በልቶ ሲተኛ ግን ጉልበቱ ይመለስለታል። መዛል በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የማይለቀው ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ልብንም ስለሚነካ ነው። ስንፍና አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሥራውን ከልቡ ይወድ የነበረውን ሰው ነው።

እንዲህ ለሆነ ሰው የክርስትና እምነት ምን ይለዋል? ብዙዎች የሚጠብቁት ተግሣጽ ነው፤ «ጸሎት አንሶህ ነው፣ በርታ» የሚል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 የተጻፈው የኤልያስ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ነቢዩ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገባ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። መልአኩ ሲመጣ አልሰበከውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ለሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ አርባ ቀን ወደ ኮሬብ ተጓዘ፤ የእግዚአብሔርንም ድምፅ የሰማው ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ ነው። ሌላም ሁለት ነገር ተነገረው፤ ብቻውን እንዳልቀረና ኤልሳዕን በእርሱ ፈንታ እንዲቀባ። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ከዚያ ቃል፣ በመጨረሻም ሸክሙን የሚጋራ ሰው። ማንም የንስሐ አባት ወይም መጋቢ የዛለ ሰው ሲመጣበት ይህን ምዕራፍ ቢያስታውስ እወዳለሁ።

ድካሙ ብቻውን ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ግን ከሐሳብ መበተን ጋር ተያይዟል። ለዕረፍት ብለን የምንቀመጥባትን ጥቂት ደቂቃ ቲክቶክና ቴሌግራም ይወስዷታል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም መጽሐፉን ከፍቶ አንድ ገጽ ሳይጨርስ ስልኩን ያነሳል። ስልኩን ማጥፋት መፍትሔ ይመስላል። ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሰዉ ዐረፈ የሚል አላውቅም። የልጁን ድምፅ ያጣ ወላጅ፣ ስለ መንገዱ የሚጨነቅ ነጋዴ፣ የሚሰማውን ወሬ ማጣራት ያልቻለ ሁሉ ቀልቡ ከበፊቱ በባሰ ተበትኖ ነበር። ዝምታ ብቻውን አያሳርፍም። ሐሳብ ከአንድ ነገር ሲነሳ የሚያርፍበት ቦታ ካልተዘጋጀለት ወደ ጭንቀቱ ይመለሳል።

ይህ የበረሃ አባቶች ቀድመው ያዩት ነገር ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪስ በቀትር ሰዓት በመነኩሴ ላይ የሚመጣውን ፈተና ሲገልጽ፣ ፀሐይዋ የቆመች እንደሚመስለው፣ ቀኑ እንደሚረዝምበት፣ የሚጠይቀው ሰው መጣ እንደሆነ ደጋግሞ በመስኮት እንደሚመለከት፣ ቦታውንና የእጁን ሥራ እንደሚጠላ ጽፏል። ያ መስኮት ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ነው። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እንጦንስ በስልቹነትና በሐሳብ ብዛት ተጨንቆ መዳን እወዳለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም ብሎ ጸለየ። ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል ሰው አየ፤ ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ተቀምጦ ይጎነጉናል፣ ደግሞ ተነሥቶ ይጸልያል። መልአክ ነበረ። እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ አለው። የተሰጠው መድኃኒት ሥራን መተው አልነበረም፤ ሥራውን በጸሎት እየቆረጡ መሥራት ነው።

ለደቡብ ወሎ ሰው ግን እስከ ግብፅ መሄድ አያስፈልገውም። ይህን ሥርዓት ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በራሷ ዜማና በራሷ ቃል የሠራላት አባት የዚሁ አገር ሰው ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ14ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ተወልዶ በ15ኛው መጀመሪያ ያረፈ ሊቅ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር፤ ልጁንም በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንዲማር ሰጠው። ገድሉ እንደሚተርከው ጊዮርጊስ ለዓመታት ትምህርት አልገባው ብሎ ተቸገረ፤ በገዳሙ እህል እየፈጨ ያገለግል ነበር። ወፍጮውን ትቶ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይጸልያል፣ ተመልሶ ይፈጫል። የእንጦንስ ገመድ እዚህ ወፍጮ ሆነ። ትምህርቱ ከተገለጠለት በኋላ ከጻፋቸው መካከል በ1424 እ.ኤ.አ. የፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ይታወቃል፤ በብዙ ደብር ሌሊት የሚሰማው ግን መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከግብፅ የተተረጎመ የሰዓታት ጸሎት ከእርሱ በፊትም ነበር። በኋላ በአገሩ የተስፋፋውና ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ «ሰዓታት ቆምን» የሚሉት የአባ ጊዮርጊስን ነው።

የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፤ በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ፤ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ። ለእኛ ይህን መያዝ ቀላል ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር አንድ ስለሆነ ወንጌሉ 6 ሰዓት ሲል እጃችን ላይ ያለውም ሰዓት 6 ነው። መምህሩ ለእረፍት ደወል ከክፍል ሲወጣ 3 ሰዓት አካባቢ ከሆነ ጊዜው ሠለስት ነው። ነርሷ ለምሳ ስትወጣ ቀትር ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ አስታዋሽ አለ፤ ሙስሊሙ ጎረቤት ሶላቱን ጠብቆ ሲቆም ያየ ክርስቲያን የራሱን ሰዓት ሳያስታውስ አይቀርም።

ይህ የጸሎት ሥርዓት እንዴት ያሳርፋል? የዛለ ሰው ቀኑ አንድ ወጥ ሆኖበታል፤ መጀመሪያውና መጨረሻው አይለይም፤ ሥራው ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። የጸሎት ሰዓት ቀኑን ይቆርጠዋል። በየመሐሉ «ይህ ሁሉ በእኔ ትከሻ ላይ አይደለም» ብሎ ጉዳዩን ለእግዚአብሔር አስረክቦ መመለስ አለ። ሐሳብም የሚመለስበት ስፍራ ያገኛል። ቢበተን እንኳ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚጠራው አለ።

ሰባቱን ሁሉ ዛሬውኑ እይዛለሁ የሚል ሰው ግን በሳምንቱ ይተወዋል፤ የጸሎት መጽሐፉም ተጨማሪ ዕዳ ይሆንበታል። ከነግህና ከንዋም መጀመር ይበቃል። ከመኝታ ሲነሡ ስልክ ከመንካት በፊት፣ ማታ ደግሞ ስልኩን ከመኝታ ቤት ውጭ ካስቀመጡ በኋላ፣ ቆሞ በእርጋታ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ። የወንጌላውያን አማኞች የጽሞና ጊዜ የሚሉትም ጠዋት ላይ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ውዳሴ ማርያምን ወይም ዳዊትን በስልክ ማንበብ አሁን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳሉ ከላይ መልእክት ብቅ ይላል፣ ጣትም ሳይጠየቅ ይነካዋል። ሃያ ዓመት ያገለገለች፣ ጠርዟ የተበላ የወረቀት ዳዊት ትሻላለች። ዳዊት መድገም የከበደው አንዱን መዝሙር ይያዝ፤ አሥር አሥሩን አንድ ንጉሥ ብለው የከፈሉልን አባቶችም ሰው በአንድ ጊዜ መቶ ሃምሳውን እንደማይዘልቅ ስለሚያውቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ ፈጽሞ አልያዝ ላለው ሰው አካል ይረዳል። መቁጠሪያ በጣት፣ እግዚኦታ በከንፈር፣ ስግደት በጉልበት። እግዚኦታው አርባ አንድ ጊዜ በእርጋታ ሲደርስ መጀመሪያ ላይ ሐሳቡ ቢሮ ነው፣ ገበያ ነው፣ የትናንት ጠብ ነው። መሐል ላይ ትንፋሹ ረገብ ይላል። መጨረሻ ላይ ሐሳቡ ባይሰበሰብም ሰውየው እንደተበተነ ሆኖ እግዚአብሔር ፊት ቆሟል፤ አባቶች ይህንንም ጸሎት ይሉታል።

ከዕለቱ ሰዓት የሚበልጠው የሳምንቱ ዕረፍት ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ ቀዳሚት ሰንበት ረጅም ዘመን ተከራክረው በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ። በደቡብ ወሎ ደጋዎች ብዙ የክርስቲያን ገበሬ እስከ ዛሬ በሁለቱ ቀናት በሬ አይጠምድም። ኦሪት ዘጸአት ሰንበትን ሲያዝ በሬውና አህያው እንዲያርፉ፣ አገልጋዩና መጻተኛውም እፎይ እንዲሉ ይላል፤ ዕረፍቱ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ አልተደረገም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ዳቦና ጠላ ይዞ በቅጥሩ ውስጥ ሲቀመጥም የከረመ ሐዘን ይወራል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። ብቻውን ሲብሰለሰል የሰነበተ ሰው እዚያ ተራ ሲደርሰው ጭንቀቱን አውጥቶ ይናገራል።

እዚህ ላይ ሳልለው የማላልፈው ነገር አለ። የብዙ ቤት የበዓል ዕረፍት የቆመው በሴቶች ድካም ላይ ነው። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ በዓለ ወልድ በ29 ሲሆን ወንዱ ሞፈሩን ሰቅሎ ይቀመጣል፤ ጠላውን የጠመቀችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ እንግዳውን የምታስተናግደው ግን ሴቷ ናት። አገልጋዩ ሁሉ እፎይ ይበል የሚለው ትእዛዝ ጓዳ ካልደረሰ አልተፈጸመም። ውኃ መቅዳቱን፣ ዕቃ ማጠቡን ባልና ልጆች ቢይዙ ሰንበት አይሻርም። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም እንዲሁ ይዝላሉ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የመዝሙሩ፣ የማኅበሩ፣ የዕርዳታ ማሰባሰቡ ሥራ ሁሉ በሦስትና በአራት ወጣቶች ላይ ሲወድቅ እናያለን። ጌታ ግን ሐዋርያቱ ከሰዉ ብዛት የተነሣ መብል እንኳ ለመብላት ጊዜ ሲያጡ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ወስዶ እንዲያርፉ ነግሯቸዋል፤ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ጽፎታል።

ጸሎት የማይተካው ነገርም አለ። አንድ መምህር የሦስት ሰው ክፍለ ጊዜ ከተሸከመ መፍትሔው ሌላ መምህር መቅጠር ነው፤ አለቃው «ጸልይ» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ሐዘኑ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ የመሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ከመዛል አልፏል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም። ሁለቱ አይጣሉም።

ረዘም ያለ ዕረፍት ለሚሻ የአገራችን መንገድ ሱባኤ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ቀን፣ ከንስሐ አባት ጋር ተመክሮ፣ እንደ ሰውየው ጤና በልክ የሚያዝ። በጣም የዛለ ሰው ሱባኤውን በጾምና በስግደት ብዛት ከመጀመር ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይተኛ፤ ኤልያስም ተኝቷል። ወደ አባ ጊዮርጊስ ገዳም ወደ ጋስጫ የሚሄድ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ይደርሳል። የአባ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ሐምሌ 7 ቀን ነው፤ ክረምት ስለሆነ ጭቃው ይከብዳል፣ ሰዉም ይበዛል። ጸጥታ ፍለጋ የሚሄድ ከበዓሉ ውጭ ባለ ጊዜ ቢሄድ ይመረጣል። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ የሚመለስበትን ቀን ለቤተሰቡ ይንገር፣ ስልኩን ለአባቶች ወይም አብሮት ለሚሄድ ሰው አስረክቦ ይግባ።