‹‹ኖ ዲስክ›› አለችኝ!

እስቲ ልጠይቃችሁ! ሆዷ ውስጥ የከተታችሁላትን ‹‹የለም›› ብላ የካደቻችሁ አለች? እኔን ግን ክዳኛለች፤ የሲዲ ማጫወቻችን፡፡

የምሠራው ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፡፡ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፡፡ ጓደኛዬ አንድ ሲዲ አላት፤ ነፍሳቸውን ይማርና እናቷ በእህቷ ሠርግ ላይ ሲመርቁ የተቀዳበት፡፡ ድምፃቸው ሌላ ቦታ የለም፡፡ አንድ እሑድ ቡና አፍልተን ሲዲውን ብንከተው ማጫወቻዋ ሽው ሽው አለችና ‹‹ኖ ዲስክ›› ብላ ዐረፈችው! የልጅቷ ዕንባ ዱብ ዱብ አለ፡፡

ዕቃዋን ታቅፌ ታይዋን ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ በረርኩ፡፡ ‹‹አቦ፣ ገንዘብሽን ያዢ! መጀመሪያ ሌላ ሲዲ ሞክሪባት›› አሉኝ፡፡ ምክራቸውን እነሆ፡፡

ሌላው ሲዲ ከዘፈነ ጥፋቱ የሲዲው ነው፡፡ በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት፡፡ ክብ እየዞራችሁ አትፈትጉት! ድምፁ የተጻፈው ዙሪያውን ስለሆነ ክብ ጭረት ተከታታዩን ይበላዋል፤ አቋራጭ ጭረትን ግን ማሽኗ ብዙ ጊዜ ታልፈዋለች፡፡ ጽሑፍ ያለበትን ጀርባም አትናቁ፡፡ የሚያበራው ፊት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ፕላስቲክ ይከልለዋል፤ በጀርባው በኩል ግን ድምፁን የሸፈነው ስስ ቅብ ብቻ ነው፡፡

ሁሉንም ሲዲ እምቢ ካለች የድሬን አቧራ ጠርጥሩ፡፡ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ክዳኗን ክፈቱ፡፡ ትንሿን ዓይን (ሌንስ) የፋርማሲ አልኮል ጠብ ባደረጋችሁበት የጆሮ ጥጥ ቀስ ብላችሁ አብሱና እስኪደርቅ ጠብቁ፡፡ ሽቶ አይሆንም! መብራት ላይ እያለች ግን ውስጧን አትዩ፤ ጨረሯ ሳይታይ ዓይን ይጎዳል፡፡

እየዘለለች ካስቸገረች ከስፒከሩ ላይ አውርዳችሁ ደልዳላ ቦታ አስቀምጧት፡፡ መሳቢያ ያላት ሆና አልከፈት ካለች ደግሞ በቢላ አትታገሏት፤ ብዙ ጊዜ የላላው ውስጥ ያለው የጎማ ቀበቶ ነውና ለባለሙያ ስጡት፡፡ መብራት ሲጠፋ ሶኬት መንቀልም አትርሱ፡፡

የኛስ? ሌላውንም ሲዲ እምቢ አለች፡፡ ዓይኗን ጠርገን ሲዲውን መለስነው... እማማ መመረቅ ጀመሩ! ጓደኛዬ ‹‹አሜን›› እያለች አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም፡፡

ሲዲ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ዘላለም የሚኖር መስሎ ነበር፡፡ ግን ቤት ውስጥ የሚቀዳ ሲዲ ድምፁን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ያጠፋዋል፡፡ እኛ በማግስቱ ፍላሽ ላይ አስገለበጥነው፡፡ እናንተስ መስኮት ላይ የተዋችሁት የማን ድምፅ ነው? ዛሬውኑ አስገልብጡት፡፡

ቸር ያሰማን!