ከመውደቅ በፊት የሚያዝ ቦታ፦ ኮምፒውተር የመጨረሻ ቃሉን የት ያኖራል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2024፣ በዳላስና በፎርት ዎርዝ ለእኩለ ሌሊት 51 ደቂቃ ሲቀረው፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ አንድ አነስተኛ ማሻሻያ ወደ ደንበኞቹ ኮምፒውተሮች ላከ። ማሻሻያው እንዲመለስ የተደረገው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነበር። ማይክሮሶፍት በኋላ በሰጠው ግምት መሠረት በዚህ ሳቢያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተሰናክለዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በፎርት ዎርዝ የሆነው አሜሪካን ኤርላይንስም ሥራው እስኪስተካከል ድረስ በዚያው ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት በረራዎቹን ለመግታት ተገዷል።

ስለ ተጓዦቹ እንግልትና ስለ ኪሳራው ብዙ ተብሏል፤ ብዙ ያልተባለለት ግን መንስኤው የታወቀበት መንገድ ነው። የወደቀ ማሽን ስለ ራሱ መናገር አይችልም። ሆኖም የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሚወድቁባት ቅጽበት የማስታወሻቸውን ይዘት በከፊል ገልብጠው የሚያስቀምጡበት ሥርዓት ስላላቸው፣ የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች እነዚህን ቅጂዎች መርምረው ጥፋቱ የክራውድስትራይክ ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን የማስታወሻ ክፍል ለማንበብ በመሞከሩ የመጣ መሆኑን አረጋገጡ። ኩባንያው ራሱ ያወጣው ዝርዝር ደግሞ ከዚህ ጋር የሚገጥም ነበር፤ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው 20 መረጃዎችን ሲሆን ማሻሻያው 21ኛውን እንዲፈልግ አደረገው። 21ኛው በቦታው አልነበረም።

ሁሉም ማሽን ግን እንዲህ ተናዞ አይወድቅም። ሰርቨሮችን፣ የኔትወርክ መሣሪያዎችንና የእጅ ስልኮችን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስን እንውሰድ። የስርዓተ ክወናው እምብርት ከርነል ይባላል፤ ማስታወሻውን፣ ዲስኩንና ማቀነባበሪያውን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። ከርነሉ ስለሚያየውና ስለሚያደርገው ነገር የሚያወጣቸውን መልእክቶች ራም ውስጥ ባለ ክብ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ መዝገቡ ሲሞላ አዲሱ መስመር በአሮጌው ላይ ይሰፍራል። በደህናው ጊዜ ሌላ ፕሮግራም ይህን መዝገብ እያነበበ ወደ ዲስክ ይገለብጠዋል። ችግሩ ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ ነው። ወደ ዲስክ መጻፍ የከርነሉ ሥራ በመሆኑ፣ ጸሐፊው ራሱ የሞተበት መዝገብ ማን ያስቀምጠዋል? ከዚህም በላይ አእምሮውን የሳተ ከርነል በዲስክ ላይ እንዲጽፍ መፍቀድ ደህናውን ፋይል ማበላሸት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ደግሞ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ሲባል ብዙ ማሽኖች በወደቁ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ራሳቸውን መልሰው እንዲያስነሱ ይስተካከላሉ። ጠዋት ቢሮ የገባው ባለሙያ ማሽኑን ሥራ ላይ ያገኘዋል፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ መውደቁን የሚያውቀው ከተነሣበት ሰዓት ብቻ ነው። ፈጥኖ መነሳት መልካም ባሕርይ ነው፤ ማስረጃውንም ፈጥኖ የሚያጠፋው ግን እርሱ ነው።

አቪዬሽን ይህን ጥያቄ ከኮምፒውተሩ ዓለም ቀድሞ ተጋፍጦታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1985 የዴልታ አየር መንገድ በረራ 191 በዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ሲቃረብ ተከስክሶ 137 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ከደመና ወደ ታች የሚወረወረው ኃይለኛ ነፋስ አውሮፕላኑን እንዴት እንዳንገላታው ሰከንድ በሰከንድ መልሰው ለመገንባት የቻሉት የበረራ መረጃ መቅጃው ስለተረፈ ነው። በአሜሪካ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የነፋስ መቀያየርን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲይዙ የተደነገገው ከዚያ ወዲህ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 መቅጃዎችም ወደ ፈረንሳይ ተልከው ሲነበቡ ዓለም ይጠባበቅ የነበረው ለዚሁ ነው። መቅጃው ከአደጋው በኋላ የሚገጠም ነገር አይደለም።

በሊኑክስ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ማዕቀፍ ፒስቶር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ከርነሉ ገባ። ከሥሩ ካሉት ዘዴዎች በትንንሽ መሣሪያዎች ላይ የተለመደው ራሙፕስ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማሽኑ ኃይል ሳይቋረጥበት ዳግም ሲነሣ በራም ላይ የነበረው ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ የሚጠፋው አዲሱ ከርነል ቦታውን ለሌላ ሥራ ሲጠቀምበት ነው። እንግዲያው ከራሙ ጥቂት ቦታ ከልለን አዲሱም አሮጌውም ከርነል ለሌላ ሥራ እንዳይነካው ብናዝዝ፣ የሚወድቀው ከርነል የመጨረሻ መስመሮቹን እዚያ ጽፎ፣ የሚነሣው ከርነል ከዚያው ሊያነባቸው ይችላል።

ቢግልቦን ብላክ የተባለችውን አነስተኛ ኮምፒውተር በምሳሌነት እንይ። ማቀነባበሪያዋ የዳላሱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው፤ ስትጀመርም የተመረተችው ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው ሪቻርድሰን ነበር። ካላት 512 ሜጋባይት ራም 1 ሜጋባይት፣ ማለትም 1,024 ኪሎባይት ከለልን እንበል። 256ቱን በስክሪን ላይ ለሚወጣው የኮንሶል መዝገብ ብንሰጥና ለእያንዳንዱ ውድቀት 64 ኪሎባይት ብንመድብ፣ የ12 ውድቀቶች ቦታ ይኖረናል። የተከለለው ቦታ አድራሻና መጠን የመሣሪያውን ክፍሎች በሚዘረዝረው ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ከርነሉም ፒስቶርንና ራሙፕስን አካቶ መገንባት አለበት። ማሽኑ ሲነሣ የቀድሞዎቹ መዝገቦች እንደ ተራ ፋይሎች ይታያሉ፤ ተገልብጠው ሲሰረዙ ቦታው ለቀጣዩ ይለቀቃል።

በመነሣት መካከል ጥቂት ፊደላት ሊዛቡ ስለሚችሉ የስሕተት ማረሚያ ኮድ መጨመርም ይቻላል። ኮዱ ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ1960 የቀመሩት ሲሆን፣ በሙዚቃ ሲዲ ላይ የሚደርስ ጭረት ዘፈኑን እንዳያቋርጠው የሚያደርገውም ያው ነው።

ወጥመድ ግን አለው። ከከርነሉ ቀድሞ የሚነሣው ቡትሎደር ራሙን እንደ አዲስ የሚያጸዳ ከሆነ የተከለለው ቦታም አብሮ ይጸዳል፤ ይህን የሚነግረን ማንዋል ሳይሆን ሙከራ ነው። ሌላው ዘዴ፣ መዝገቡን በኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ባለው የማስነሻ ማስታወሻ ላይ መጻፍ፣ ከዚህ የከፋ ነገር አስከትሎ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ይህ ጠባብ ማስታወሻ ከመጠን በላይ ሲሞላ ጨርሶ መነሣት ተስኗቸው ነበር፤ ከሚሞሉት ነገሮች አንዱም የወደቀው ከርነል የጻፈው መዝገብ ነበር። ጥፋቱ ግን ሞልቶ መነሣት የማይችል ማስነሻ የሠራው ወገን እንጂ መዝገብ የጻፈው ከርነል ነው ለማለት ይከብዳል።

ለአገራችን አንባቢ ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። ራሙፕስ የሚሠራው ኃይል እስካልተቋረጠ ድረስ ነው። ተራ ራም ይዘቱን የሚይዘው በየጥቂት ሚሊሰከንዱ እየታደሰ በመሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ ይዘቱ ቢበዛ ከሰከንዶች እስከ ደቂቃዎች ባለ ጊዜ ውስጥ ይደበዝዛል። ከከተማ ርቆ በተተከለ የቴሌኮም ማማ ላይ ያለ መሣሪያ መብራቱ በሄደ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ፣ ለፕላኖና ለሪቻርድሰን ቢሮዎች የሚበቃው መፍትሔ ለእርሱ አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ፒስቶር መዝገቡን በተለየ የዲስክ ወይም የፍላሽ ክፍል ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ከራም የዘገየና ከከርነሉ ሹፌር ፕሮግራም ብዙ የሚጠይቅ ቢሆንም ከመብራት መጥፋት ይተርፋል።

ለትንንሽ መሣሪያዎች ደግሞ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ኤፍራም የተባለ ማስታወሻ የያዙ ማይክሮኮንትሮለሮችን ለገበያ አቅርቧል። ኤፍራም መረጃን በክሪስታል ውስጥ ባሉ አተሞች አቀማመጥ ስለሚይዝ ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል ያቆየዋል፤ ፍጥነቱም ለራም የቀረበ ነው። ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪውት እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳየው በዚሁ ኩባንያ፣ በዚሁ ከተማ መሆኑን በመንገዳችን ማንሳት ይገባል።

ትላልቅ ሰርቨሮች ላይ ኬደምፕ የተባለው ዘዴ ይመረጣል፤ ተለይቶ በተቀመጠ ራም ላይ ሁለተኛ ከርነል ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል፣ ዋናው ሲወድቅ እርሱ ተነሥቶ የሟቹን ማስታወሻ በሙሉ ወደ ዲስክ ይገለብጣል። ሙሉ ቅጂ ውስጥ የይለፍ ቃልና የደንበኛ መረጃ ሊገኝ ስለሚችል ግን ፋይሉን ማን እንደሚያየው አስቀድሞ መወሰን ያሻል። የባንክ ሰርቨር ቅጂ ለጥገና ተብሎ በኢሜይል የሚላክ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሲያበቃ የሚቀረው ማሽኑን ሆን ብሎ መጣል ነው። ሊኑክስ ለዚሁ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው፤ አንዲት ፊደል ወደተወሰነው ፋይል ሲጻፍ ከርነሉ በፈቃዱ ይወድቃል። ደንበኛ ከመጀመሩ በፊት፣ ዲስኩ ላይ የሚጠፋ ሥራ በሌለበት ሰዓት ይደረግ። ማሽኑ ተነሥቶ የፒስቶር ማኅደር ባዶ ከሆነ፣ ወደ ቡትሎደሩ መመለስ ነው።