የሰው ቢል በራስ ካርድ

አበሻ ምግብ ቤት አስተናግዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕይንት አይስተውም። ሒሳብ ሲመጣ ሁለት ሰዎች ከወንበራቸው ይነሣሉ። አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ «ኧረ በእናትህ፣ ዛሬ የኔ ነው!» ይላል፤ ሌላው አስተናጋጇን «ከሱ ብትቀበይ እንጣላለን» ይላታል። ካርዱን ቀድሞ ያቀበለ ያሸንፋል። ነገሩም እዚያው ያልቃል፤ ካርዱ ኪስ ይገባል፣ ምግብ ቤቱም በሚቀጥለው ወር የዚያን ሰው ምሳ እንደገና አያስከፍለንም። የሰው ቢል በስልክ ወይም በኢንተርኔት ስንከፍልም እንዲሁ የሚያልቅ ይመስለናል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ያውም መሐንዲስ ሆኜ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የአጎቴ ልጅ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ መጣች። ገና የባንክ አካውንት ስላልነበራት በስሟ የስልክ መስመር አውጥተን የመጀመሪያውን ወር 60 ዶላር በኔ ክሬዲት ካርድ ከፈልኩላት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች፤ «ምን አለው» አልኩና ረሳሁት። በሁለተኛው ወር ስቴትመንቴ ላይ 60 ዶላር አየሁ። እግሯን እስክትተክል ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ወር እንደገና 60። አሁን ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን አገር ከገባች ገና ሦስተኛ ወሯን የያዘችን ልጅ ስለ ስልሳ ዶላር ማን አፍ አውጥቶ ይጠይቃል? በአራተኛው ወር 110 ሆነ። ባለቤቴ ወረቀቱን ዘርግታ «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ።

ልጅቷን መጠየቅ ስላፈርኩ፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ባንኩ ካርዱን በአዲስ ቁጥር እንዲለውጥልኝ አደረግሁ። አዲሱን ቁጥር ለማንም አልሰጠሁም። በአምስተኛው ወር 110 ዶላሩ አዲሱ ካርድ ላይ መጣ። ያን ምሽት ነው እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ማጥናት የጀመርኩት።

ጥሬ ገንዘብ ስንሰጥ የሚሄደው የሰጠነው ያህል ነው። የካርድ ቁጥር ስንሰጥ ግን ለድርጅቱ የሰጠነው የመጠየቅ ፈቃድ ነው። ብዙ ድርጅቶች ቁጥሩን፣ ወይም ቶክን የሚባለውን የቁጥሩን ምትክ፣ ያስቀምጡታል፤ ዓይናችን የዘለላት አንዲት ትንሽ ሳጥን «ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጥ» ብላልን ይሆናል። ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ያድኑኛል የሚል ሰው ብዙ ነው። እርግጥ የካርድ ኢንዱስትሪው የደህንነት ደንብ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ማስቀመጥን ይከለክላል። ነገር ግን ድርጅቱ ራሱ በየወሩ ለሚያነሣው ተከታይ ክፍያ ቁጥሮቹ አያስፈልጉትም።

አዲሱ ካርድስ እንዴት ተገኘ? ቪዛም ማስተርካርድም የካርድ መረጃ ማደሻ አገልግሎት አላቸው። ባንኩ ካርድ ሲቀይር አዲሱን ቁጥርና ማብቂያ ቀን ወደዚያ ይልካል፤ የድሮው ቁጥር በእጁ ያለ ድርጅት ደግሞ አዲሱን ከዚያ ያገኛል። ለክፋት የተሠራ አይደለም። ካርዳችን ጊዜው ባለፈ ቁጥር መብራቱና ኢንሹራንሱ እንዳይቋረጥ ነው። እንደ መሐንዲስ ሳየው ጥሩ ሥራ ነው፤ እንደ ከፋይ ሳየው ግን የበሬን ቁልፍ ለውጬ ሠሪው አንዱን ቅጂ ለድሮው ተከራይ እንደሰጠብኝ ተሰማኝ። ከዚህ አገልግሎት እንዲያወጣችሁ ባንካችሁን መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ስልክ ድርጅቱ ደወልኩ። «አካውንቱ የእርስዎ ስላልሆነ ስለሱ ልናነጋግርዎ አንችልም» አሉኝ። ገንዘቤን ሲወስዱ የሚያውቁኝ ሰዎች ሳነጋግራቸው አያውቁኝም! ወደ ባንኩ ደወልኩ። «ድርጅቱን ያውቁታል?» አዎ። «ካርድዎን የሰጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት?» አዎ። ተሰረቅሁ ብል ውሸት ነው። ከዚያም አልፎ ባንኩ ገንዘቡን ሲያስመልስ ድርጅቱ የልጅቷን መስመር ሊዘጋው ይችላል፤ ሥራ ያመለከተችበት ብቸኛ ቁጥሯ ነው። «ሌባ ወሰደብኝ» ማለትና «ፈቃዴ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር» ማለት ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች መሆናቸውን የተረዳሁት ያኔ ነው።

አቤቱታው ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል። አሜሪካ ውስጥ የ1974ቱ ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የክሬዲት ካርድ ባለቤት ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ እንዲያመለክት ይጠይቃል። ስልክ መደወል ነገሩን ሊያፋጥነው ይችላል፤ የሕጉ መብት የሚጸናው ግን በጽሑፉ ነው። የሚላከውም ክፍያ ወደሚላክበት ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ ለሒሳብ ጥያቄ ተብሎ ወደተጻፈው አድራሻ ነው። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው እንደደረሰው ማሳወቅ፣ በሁለት የሒሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ ጉዳዩን መጨረስ አለበት። እኔ በይሉኝታ ዝም ስል የሁለተኛው ወር 60 ቀን አልፎ ነበር።

በዴቢት ካርድ ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር፤ የሚወጣው የራስ ገንዘብ ነውና የቤት ኪራዩም አብሮ ሊጎድል ይችላል። እዚያ ላይ የሚሠራው የ1978ቱ ሕግ ነው፤ በየጊዜው የሚቆረጥ ክፍያን ለማስቆም ከመቆረጡ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለባንኩ መንገር ያስፈልጋል፤ ባንኩም ቃሉን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አጽና ሊል ይችላል። «ካርዱን ይዘሽ ሂጂና ክፈይ» የምንል ደግሞ አንድ ነገር እንወቅ፦ ራሳችን የሰጠነው ሰው ከተባለው በላይ ቢያወጣ፣ ፈቃዱን ማንሣታችንን ለባንኩ እስክንነግር ድረስ እንደ ፈቀድነው ይቆጠራል። እንግሊዝ ያላችሁ በዚህ በኩል ትሻላላችሁ፤ ተደጋጋሚ የካርድ ክፍያን በቀጥታ በባንካችሁ በኩል ማስቆም መብታችሁ ነው።

ካነሣሁት አይቀር፣ አገር ቤት ላለ ሰው የሐኪም ቤት ሒሳብ እንዲከፍልበት ብላችሁ በክሬዲት ካርድ ገንዘብ ስትልኩ ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። የራሱ ክፍያ አለው፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል።

አሁን እኔ የሰው ቢል ስከፍል፣ አካውንቱ ውስጥ ሳልገባ በእንግድነት አንድ ጊዜ የሚከፈልበት መንገድ ካለ በዚያ እከፍላለሁ፤ ከሌለ ብሩን ለባለቤቱ ሰጥቼ ራሱ እንዲከፍል አደርጋለሁ። ባንካቸው ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚያገለግል ምትክ የካርድ ቁጥር የሚሰጣቸውም አሉ፤ የኔ አይሰጥም።

በመጨረሻ ልጅቷን ቤት ጠርቼ ነገርኳት። ደነገጠች። ለካ በሁለተኛው ወር የባንክ አካውንት ከፍታ የራሷን ዴቢት ካርድ አስገብታ ነበር፤ ሲስተሙ የኔን አንደኛ፣ የሷን ተጠባባቂ አድርጎ ይዞታል። 50 ዶላሩ አብራት የምትኖረው ልጅ መስመር ነው፤ ልጅቷ በየወሩ በጥሬው ትሰጣታለች። «ታዲያ ካንቺ ሒሳብ ሳይቀነስ ሲቀር አልገረመሽም?» አልኳት።

«የአሜሪካ ባንክ ቀርፋፋ ነው ብዬ ነው ጋሼ።»

ካርዴን ከስልኳ ላይ ለማጥፋት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። በሳምንቱ 340 ዶላር በፖስታ አሽጋ መጣች። «አልቀበልም» አልኩ። «በሞቴ ጋሼ» አለች። ፖስታው ሦስት አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ከተመላለሰ በኋላ ባለቤቴ ከመሐላችን መንትፋ ወስዳ ቆጠረችው።