ስለ ውሻ ማጠብ ንግድና ስለ ሃያ አምስቱ ስሞች

ባለፈው የመስከረም ወር ከዳንግላ የመጣ አንድ የዘመዳችን ልጅ በቤታችን ሲያድር፣ ከእራት በኋላ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በፊታችን አኖረ። ወረቀቱ ውል ነበረ። በዋናው ከተማ ውሾችን በማጠብና ጠጕራቸውን በማበጠር የሚነግድ አንድ ድርጅት ስሙንና የሥራውን ሥርዓት ለልጁ ሊሰጥ፣ ልጁም በዚሁ ስም በዳንግላና በእንጅባራ ቤት ከፍቶ ሊሠራ የሚያስማማ ነው። ልጁ ለመግቢያ የሚከፈለውን ገንዘብ ለማግኘት በፋግታ በኩል ከአባቱ የወረሰውን የዲከረንስ ደን ሊሸጥ ቈርጧል። ይህ ዛፍ ለከሰል የሚደርሰው በአራትና በአምስት ዓመት ሲሆን፣ የልጁ ደን ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሆኖም ገዢው ተገኝቷል። «ጋሼ፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው» አለን።

ውሻ ይታጠባል ሲባል የሚሥቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም አስቀድመን ሥቀናል። በአገራችን ውሻ የደጅ ጠባቂና የበግ እረኛ ረዳት ነው እንጂ ሳሙናና ማበጠሪያ የሚሰናዳለት አልነበረም። ዛሬ ግን በየከተማው ረዥም ጠጕር ያለው ውሻ ከውጭ አገር እየመጣ ከቤት ውስጥ ያድራል፤ ሕፃናትም አንገቱን አቅፈው ይጫወታሉ። ከልጅ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚተኛ እንስሳ ንጹሕ መሆን እንዳለበት የማይስማማ እናት የለችም። ስለዚህ ሥራው የሚናቅ አይደለም። ጥያቄው ዳንግላ ላይ ስንት እንዲህ ያለ ውሻ አለ የሚለው ነው።

ይህ ዐይነቱ ንግድ ፍራንቻይዝ ይባላል። አንድ ሰው ሥራ ጀምሮ ስሙ ከተመሰገነለት በኋላ፣ ሌላው ሰው ለዚያ ስምና ለሥራው ሥርዓት እየከፈለ በራሱ ከተማ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ኪሣራ ይሠራበታል። ቤቱና ድካሙ የሠራተኛው ነው፤ በደጁ ላይ የተጻፈው ስም ግን የሌላ ነው።

ይህን ሥርዓት በዓለም ላይ ካስፋፉት ሰዎች መካከል አንዷ የሰው ቤት ገረድ የነበረች ሴት መሆኗን ባወቅን ጊዜ ተደንቀናል። ማርታ ማቲልዳ ሃርፐር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1857 በካናዳ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልዳ፣ ገና በሰባት ዓመቷ ለአገልጋይነት ተሰጠች። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ስታገለግል ቈይታ፣ ባጠራቀመችው 360 ዶላር በ1888 በአሜሪካ በሮችስተር ከተማ የሴቶች ጠጕር የሚታጠብበትና የሚበጠርበት ቤት ከፈተች። ስሟ በተሰማ ጊዜ የቺካጎ ከተማ ታላቅ እመቤት ወይዘሮ በርታ ፓልመር በእኛም ከተማ ክፈቺልን ብለው ለመኑአት። ሃርፐር ግን ወዲያው እሺ አላለችም። እንደሚነገረው፣ ደንበኛ እንሆናለን ብለው በጽሑፍ ቃል የሚገቡ ሃያ አምስት ሴቶች ይምጡልኝ አለች። ከ1891 ጀምሮም ስሟንና ሥርዓቷን እንደ እርስዋ በድኽነት ላደጉ ሴቶች እያስተማረች ትሰጥ ጀመር። በመጨረሻ ቤቶቹ ከ500 በላይ ሆኑ።

ወደ ውሻው ስንመለስ፣ በአውስትራሊያ ጂም ፔንማን የሚባል ሰው በ1982 በሜልቦርን ከተማ ሣር በማጨድ ሥራ ጀምሮ በ1989 ስሙን ለሌሎች በውል ይሰጥ ጀመር፤ ቈይቶም ውሻ ማጠብን ጨመረበት። በዚያ አገር አጣቢው ውሃና ማሞቂያ የተሰናዳበትን ተጎታች በመኪና እየሳበ ወደ ባለ ውሻው ደጅ ይሄዳል እንጂ ውሻው ወደ እርሱ አይመጣም።

ውል ማንበብ ልማዳችን ስለ ሆነ መብራቱን አስጠግተን የልጁን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። ውሻ መጣም አልመጣም በየወሩ የተቈረጠ ገንዘብ ይከፈላል ይላል። ሳሙናውና መቀሱ ሁሉ ከድርጅቱ ብቻ ይገዛል ይላል። ልጁ ሥራውን ቢተው ሁለት ዓመት ሙሉ በአውራጃው ተመሳሳይ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ድርጅቱ ግን በዚያው በእንጅባራ ለሌላ ሰው ስሙን እንዳይሰጥ የሚከለክል አንድም ቃል የለበትም። ልጁ ይህን ሁሉ አላየውም፤ ያየው በራሱ ላይ የታተመውን ያማረ የውሻ ሥዕል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1731 በሕግ መሠረት የተደረገ ውል ባደረጉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ የጸና ነው ስለሚል፣ ከፈረሙ በኋላ «አላነበብኩትም» ማለት አይረዳም።

ድርጅቱ የሚያስተምረው ዕውቀት ግን ከንቱ አይደለም። ውሻ ላላቸው አንባቢዎቻችን ስለሚጠቅም ጥቂቱን እንጽፋለን። ውሻው ከመታጠቡ በፊት ጠጕሩ ይበጠራል፤ የተቋጠረ ጠጕር ውሃ ሲነካው ይጠብቃልና። ውሃው ለሕፃን ገላ እንደሚዘጋጀው ለብ ያለ ይሁን። የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ ልዩ ስለ ሆነ የሰው ሳሙና ያደርቀዋል፤ እንዶድማ ለልብስ እንጂ ለእንስሳ ዐይንና አፍንጫ የሚሆን አይደለም፤ ያቃጥላል። ወደ ጆሮው ውሃ እንዳይገባ መጠንቀቅ፣ ሳሙናውን ፈጽሞ ማለቅለቅና እስኪደርቅ ድረስ ማሸት ያስፈልጋል። እንጅባራ በ2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም አገር ስለ ሆነ፣ እርጥብ ውሻን በክረምት ወደ ደጅ መልቀቅ ማሠቃየት ነው። ጥፍሩ ሲቈረጥ በውስጡ የደም ሥር መኖሩን አለመርሳት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያልተከተበ ውሻን አለመቀበል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ አማካይነት በንክሻና በቁስል ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ማይስተር የሚባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ግን፣ በጊዜው ለደረሰ ሰው መከላከያ አለ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጥቦ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በየቀኑ እጁን በውሻ አፍ አጠገብ የሚያኖር አጣቢም እርሱ ራሱ አስቀድሞ መከተብ ይገባዋል። በልጁ ውል ስለዚህ ነገር አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

እኛም ልጁን «አትፈርም» አላልነውም። የሃርፐርን ታሪክ ነገርነውና «በዳንግላና በእንጅባራ በየወሩ ከፍለው የሚያሳጥቡ የሃያ አምስት ሰዎችን ስም አምጣ፤ ያን ጊዜ ደኑን ሽጥ» አልነው። ተቈጥቶ ሄደ።

ልጁ እየዞረ ሲጠይቅ ያገኘውን ለመረዳት የአገሩን ልማድ ማወቅ ያሻል። በአዊ ምድር በክብር የሚታጠበው እንስሳ ፈረስ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬ ከ50,000 በላይ አባሎች አሉት፤ በየዓመቱም ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። በዓሉ ሲቃረብ ፈረሱ ይታጠባል፤ ጋማው ይበጠራል፤ ሰኮናው ይታያል፤ ኮርቻውና ልጓሙ ይወለወላል፤ ግላሱም ይለብሳል። የፈረስ ክብር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ባልደራስ የቤተ መንግሥት ሹመት ነበረ፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረስ ስም ነው። በውሻው ስም የተጠራ መኰንን ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ፈረስን ማጠብም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በተለይ በጋሪ ፈረሶች ላይ ቆዳውን በተርታ እያሳበጠና እያቈሰለ የሚሄድ ተላላፊ በሽታ አለ። ይህ በሽታ በቁስል በኩል ስለሚገባ፣ በአንዱ ፈረስ የተሠራበት ብሩሽና ልጓም ሳይጸዳ ለሌላው ከዋለ በሽታውን ያዛምታል። ስለዚህ ፈረስ አጣቢ ዕቃውን ከእንስሳ ወደ እንስሳ በመድኃኒት ማጽዳት፣ ቁስል ያለበትንም ፈረስ ለብቻ አቁሞ ወደ እንስሳት ሐኪም መላክ አለበት።

በኅዳር መጨረሻ ልጁ ተመልሶ መጣ። ደኑን አልሸጠም። በደብተር ቅጠል ላይ የሃያ አምስት ሰዎችን ስም ጽፎ እያንዳንዳቸውን አስፈርሟል። ቈጠርነው፤ ባለ ውሻዎቹ አራት ሲሆኑ ሃያ አንዱ ባለ ፈረሶች ናቸው። ከባለ ፈረሶቹም አብዛኞቹ ከጥር 23 በፊት ፈረሳቸው እንዲታጠብ ቀን ቈርጠውለታል።

በዚያው ማታ አብረን ተቀምጠን ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍን። በውሉ ውስጥ «ውሻ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ፈረስና በቅሎ» የሚል እንዲጨመር፣ ያልተከተበ ውሻ እንዳይቀበል የሚያዝ አንቀጽ እንዲገባ፣ በዳንግላና በእንጅባራ ስሙ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ፣ የወሩ ክፍያም በታጠበው እንስሳ ቍጥር ልክ እንዲሆን ጠየቅን። መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሰንም። ልጁ ግን ሁለት በርሜልና ስድስት ብሩሽ ገዝቶ ወደ እንጅባራ ሄዷል፤ ውሃውን የሚያሞቀውም ከጎረቤቱ በተገዛ የዲከረንስ ከሰል ነው።