የራስን ቢሮ መክፈት፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ የተደረገ ምክክር



ለኒካሕ ተጠርተን ቢቸና ሄደን ነበር። ምሳው ተነስቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከጎናችን የተቀመጠ አንድ ወጣት ወግ ጀመረን። የሞጣ ልጅ ነው፤ ባለቤቱ ግን የቢቸና ናት፣ እዚያው ታስተምራለች። እሱ አዲስ አበባ በአንድ አማካሪ ድርጅት ተቀጥሮ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። «ሰባት ዓመት ለሰው ሳልኩ። አሁን የራሴን ቢሮ ልክፈት ወይስ አርፌ ልቀመጥ?» ሲል ጠየቀን።

እኛም መልሱን ወዲያው አልሰጠነውም። በማግስቱ መንገዱ ክፍት መሆኑ ስለተነገረ ወላጆቹን ሊጠይቅ ወደ ሞጣ ሲሄድ አብረነው ተሳፈርን። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚበቃ ርዝመት አለው።

በመጀመሪያ የጠየቅነው ለምን መክፈት እንደፈለገ ነው። «የምሠራው ሥራ በስሜ አይወጣም» አለን። ቆየት ብሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለቱን ልጆቹን የሚያያቸው በሁለት ወር አንዴ መሆኑን፣ ትንሿ ባለፈው ሲመጣ እንግዳ መስሏት ከእናቷ ኋላ እንደተደበቀች ነገረን። በእኛ አስተያየት ክብደት ያለው ምክንያት ሁለተኛው ነው። ስም ፍለጋ ከሆነማ ተቀጥሮም ይገኛል። ዳካ ያደገው ሙስሊም መሐንዲስ ፈዝሉር ራህማን ኻን ቺካጎ ላይ ያለውን ባለ 110 ፎቅ የሲርስ ሕንፃ አጥንት ያወጣው ሌሎች ባቋቋሙት ድርጅት ውስጥ ሆኖ ነው።

የራሳቸውን የከፈቱትስ? ባግዳድ የተወለደችው ዘሃ ሐዲድ ለንደን ላይ ቢሮዋን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር። በ1983 የሆንግ ኮንግን ትልቅ ውድድር አሸነፈች፤ ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀረ። ዓለም ያወቀላት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ፣ ጀርመን አገር ያለው የቪትራ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ የተጠናቀቀው በ1993 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! በመካከሉ እያስተማረች ትኖር ነበር። ወጣቱ ይህን ሲሰማ «እኔ አሥራ ሦስት ወርም አልችል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ግን እውነት አለ፤ የሚያስተዳድረው ቤት አለው።

በአገራችንም ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ተሻርኮ በአዲስ አበባ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃ የሁለቱ ሥራ ነው። ብቻውን መሸከም የከበደው ሰው ሸሪክ መፈለጉ ነውር አይደለም።

ወደ ገበያው እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ሕንፃ፣ እንዲሁም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ ‹ሀ› ተባለ። ከዚያ የሚበልጠው ‹ለ› ሆነ። የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ‹ሐ› ውስጥ ገቡ። ደንብ ይሻሻላልና ማንም ሰው ከመጀመሩ በፊት የጊዜውን ከማዘጋጃ ቤት ይጠይቅ፤ እኛ ይህን ያነሳነው ለገበያው ሲባል ነው። በመስኮት ቢቸናንና ደብረ ወርቅን እያየን ቆጠርን። ባህር ዛፍ ተማግሮ፣ ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ሁሉ ከመጀመሪያው ምድብ ነው። ባለቤቱ አናጢውን እንጂ አርክቴክት አይፈልግም። ለንድፍ ደህና ገንዘብ የሚከፍለው ከዋናው መንገድ ዳር ፎቅ የሚያቆም ነጋዴ፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ የሚሠራ ነው። እነዚህ በአንድ ከተማ በዓመት ስንት ይሆናሉ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ አለ። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶም አይመጣ፣ አሠሪውም ገንዘቡን አያወጣ።

ስለዚህ «ቢሮ በሞጣ» ብሎ ነገር ብቻውን ቤተሰብ እንደማያኖር ተስማማን። ባሕር ዳር ፈቃድ አውጥቶ ቢቸናንም ሞጣንም ከዚያ ማገልገል ይቻላል፤ ለልጆቹም ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርባል።

ወጣቱን ያስጨነቀው ሌላም ነገር ነበር። አንድ ሰው «ፈቃድህን አውጣና ማህተምህን ብቻ ስጠኝ፤ ስዕሉን እኔ አሠራለሁ፣ በየወሩ እከፍልሃለሁ» ብሎታል። ቤት ኪራዩን የሚሸፍን ገንዘብ ነው። ይህን ስንሰማ ዝም ማለት አልቻልንም። ያላየኸውን ስዕል አይቻለሁ ብለህ ማተም የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ያ ሕንፃ ሰው ላይ ቢወድቅ ደሙ የማን ሊሆን ነው? ቢሮው በዚህ ከሚቆም ባይከፈት ይሻላል አልነው። እሱም ለሰውየው እምቢ ለማለት እንዳሰበ፣ ግን እስካሁን እንዳልነገረው አልሸሸገንም።

የገንዘቡን ነገር ስናነሳ አንዳንድ ወንድሞች የሚስቱትን እናስታውስ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ከወለድ ነፃ ብድር አለ» እየተባለ ይወራል። ሙራበሓ ግን ባንኩ ዕቃ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በክፍያ የሚሸጥበት ውል ነው። ለኮምፒዩተርና ለማተሚያ መሣሪያ ይሆናል፤ ለሠራተኛ ደመወዝና ለቤት ኪራይ ግን አይመችም። ይህ ወጪ ከራስ ቁጠባ ወይም ከሸሪክ መምጣት አለበት። ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ወጪ ሳይቀመጥ ደመወዝ መልቀቅ አይገባም ስንል፣ እሱ ያለው የሦስት ወር መሆኑን ነገረን። የድርጅቱ ቅርፅም ይታሰብበት። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ለወግ ያህል የዘመድ ስም ማስገባት ቀርቷል።

ሞጣ ስንደርስ አባቱ በራፍ ላይ ተቀበሉን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዚህች ከተማ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች መቃጠላቸውን አንባቢ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ እዚህ ላለ ሙስሊም ቤተሰብ ‹ግንባታ› የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። አባት ይህን አንስተው «እዚህ ከመጣህ ጀመዓው ሁሉ ለአላህ ብለህ ሳልልን ይልሃል፤ እምቢ ማለት አትችልም» አሉት። እውነታቸውን ነው። እኛም ጣልቃ ገብተን፣ ሰደቃውን ከፊቱ ለይቶ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሥራ ብሎ ይወስን፤ የወሰነውንም እንደ ተከፈለበት ሥራ ጠንቅቆ ይሥራ አልን። እናት በበኩላቸው ቡና እየቀዱ «የመስጊዱንስ ይሳል፤ ልጆቹ ምን ይበላሉ?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

ከዐስር በኋላ አባት ከጓሮ ሊያሠሩት ስላሰቡት ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን አወሩ። «እንግዲያው የእኔን ሳልልኝ» አሉት። ልጅ መሬት መሬት አየ። ከአባት ዋጋ መጠየቅ አፍሮ እንደሆነ ገባን። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ የዱቤ ውል በጽሑፍና በምስክር እንዲሆን መታዘዙን፣ አባትና ልጅም ተለይተው እንዳልወጡ አስታወስናቸው። አባት ሳቁ። ጎረቤታቸውን አስጠሩ፤ ከእኛም አንድ ሰው ምስክር ሆነ። ልጁ ዋጋውን በጨረፍታ ተናገረ፣ አባት ተከራከሩ፣ በመካከል ተስማሙ።

«ግማሹ ዛሬ፣ ቀሪው ንድፉን ሲረከቡኝ ነው አባባ» አላቸው።

አባት ብሩን ቆጥረው አኖሩና «ብታዘገይብኝስ?» አሉ።

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ያንንም ጻፈ።